ለደግ ቀን የተቀመጠ ቃል

በዚያ የፎጣ ፋብሪካ ውስጥ ከሁሉም የታወቁት ጠላፊዋና ተኳሿ ነበሩ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፖሊስ ልጥራ ይላል። ጠላፊዋ ግን የምትጠልፈው አውሮፕላን አይደለም፤ በጥልፍ ማሽን ፎጣና አንሶላ ላይ የሆቴሎችን ስም ነው። ተኳሿም ያንኑ ፎጣ ተቀብላ፣ በካውያ ተኩሳ፣ ለአጣፊዎች የምታቀብል ሴት ናት። በዕድሜ ከጠላፊዋ ትበልጣለች። ምሳ አብረው ይበላሉ፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ትሸፍናለች። የጠላፊዋ ባል ታክሲ ነጂ ነው፤ "ሚስቴ ጠላፊ፣ ጓደኛዋ ተኳሽ፤ እኔን ማን ይነካኛል?" እያለ ተሳፋሪ ያስቃል።

ጠላፊዋ እንግሊዝኛ አትችልም። ይህ ከወዲሁ ይታወቅላት። ሁለት እንግሊዞች ፊቷ ቆመው ቢሰዳደቡ ማን ማንን እንዳዋረደ አትለይም። እሷ የምትወደው ቋንቋውን ሳይሆን ቃሎቹን ነው፤ እነሱንም ቢሆን ሁሉንም አይደለም። ሲነገሩ አፍ ውስጥ የሚሟሙትን፣ ሰው በየቀኑ የማይጠራቸውን፣ ለምን እንደሚያገለግሉ እንኳ ግራ የሚያጋቡትን ነው። ሆቴሎች ደግሞ ስም ሲያወጡ አይሰስቱም፤ ሴሬኒቲ ይላሉ፣ ሆራይዘን ይላሉ፣ ቬልቬት ይላሉ። እሷ ማሽኗ ላይ ቁጭ ብላ ፊደል በፊደል ክር ስታለብሳቸው በዚያው ትለማመዳቸዋለች። ትርጉማቸውን ጎረቤቷ ያለውን መምህር ትጠይቃለች፤ እሱም አንዳንዴ ሳያውቀው ቀርቶ "ነገ እነግርሻለሁ" ይላትና መንገድ ይቀይራል።

ማንኛውም ትእዛዝ ከመጀመሩ በፊት በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ሙከራ ይሠራል። የክሩ መጥበቅና መላላት የሚታየው በዚያ ነው። ሙከራው ላይ ምን ተጻፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስለዚህ ጠላፊዋ የወደደችውን ቃል ትጠልፍበታለች። ቁርጥራጩም ለመወልወያ ተብሎ ወደ ቤት እንዲወሰድ ስለሚፈቀድ ቤቷ በእንግሊዝኛ ተሞልቷል። ድስት የምታወርድበት ጨርቅ "ሪቨሪ" ይላል፤ የቁም ሕልም ማለት ነው። የአማቷ ትራስ ጥግ ላይ "ሉላባይ" አለ፣ እሹሩሩ ለማለት፤ አማቷ "ጉንጬን ይወጋኛል" እያሉ ያማርራሉ፣ ትራሱን ግን ለማንም አይሰጡም። ባሏ የታክሲውን መስታወት የሚወለውለው በ"ኢተርኒቲ" ነው። "ዘላለም ማለት ነው አላልሽኝም? ታዲያ አንዴ ሳጥበው ለምን ተበጣጠሰ?" ይላታል።

አንድ ቃል ግን በየትኛውም ጨርቅ ላይ ጠልፋው አታውቅም ነበር። ጎሰመር የሚለውን።

ይህን ቃል ያገኘችው አባቷን ስታስታምም ነው። አባቷ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከጣለው ዕቃ ውስጥ ያነሡት፣ ሽፋኑም የፊት ገጾቹም የሌሉት አንድ መዝገበ ቃላት ነበራቸው። በመጨረሻ ዘመናቸው ደረታቸው ታሞ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ከዚያ መጽሐፍ እያነበበች ታሰማቸዋለች። እሳቸውም እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቃሉን እንደ ፍሬ ነው የሚቀምሱት። "ይሄ ይጎረብጣል፣ እለፊው" ይላሉ። "ይሄስ ደህና ነው" ይላሉ። ጎሰመር ላይ ስትደርስ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ድገሚው" አሉ። ደገመችው። "እስቲ አሁንም ድገሚው።" ትርጉሙን መምህሩን ጠይቃ ነገረቻቸው፦ በማለዳ ሣር ላይ የሚያብለጨልጭ፣ በነፋስ የሚንሳፈፍ፣ ከመሳሳቱ የተነሣ ለዓይን የሚያስቸግር የሸረሪት ድር ማለት ነው። አባቷም፣ "ለሸረሪት ድር እንኳ ይህን የመሰለ ስም አወጡለት? ያወጣውን ሰው ነፍሱን ይማረው" አሉ። ከዚያን ቀን በኋላ ሕመሙ ሲጠናባቸው ከመድኃኒቱ በፊት የሚጠይቁት ያንን ቃል ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ጠላፊዋ ቃሉን ለማንም አልጠራችውም። ለተኳሿ እንኳ አልነገረቻትም። ለደግ ቀን ይሁን ብላ አስቀመጠችው።

የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ከላይኛው ፎቅ የምትወርድ ሴት አልነበረችም። አንድ ቀን ግን ወረደች። ጫማዋን የወለሉ ብናኝ እንዳይነካባት እየመረጠች እየረገጠች፣ ጥልፍ ክፍል ድረስ መጣች።

"የኔ እህት፣ ቃል የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉ" አለቻት፤ ድምፅዋ ማር ነበር። "ለሠራተኛው አንድ ፕሮግራም አስበናል። የምስጋና ነው። ስም ፈልገንለት ነበር። እንግሊዝኛ ቢሆን፣ ለስለስ ያለ፣ ሰው ሲሰማው የማይከብደው።"

ከላይኛው ፎቅ የመጣ ሰው ጠላፊዋን "ፍጠኚ" እና "ክር አታባክኚ" ከማለት በቀር አነጋግሯት አያውቅም። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሴሬኒቲ ልትል አሰበች፤ እሱን ሆቴል ወስዶታል። ሉላባይ ልትል አሰበች፤ እሱ የሕፃን ነው። ለባልደረቦቿ፣ ለተኳሿ ምስጋና ከሆነማ ካላት ሁሉ የተሻለውን መስጠት አለባት። ደግ ቀን ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ መቼ ሊሆን ነው?

"ጎሰመር ቢባልስ፣ እመቤቴ?" አለች።

"ውይ፣ ሲያምር!" አለች ኃላፊዋ፤ ስልኳ ላይ ጻፈችው፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋት ሄደች። ምን ማለት ነው ብላ ግን አልጠየቀችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ጠላፊዋ መጠርጠር የነበረባት ያኔ ነበር። የቃል ትርጉም የማይጠይቅ ሰው ቃሉን የሚፈልገው ለሌላ ነገር ነው።

ብዙም ሳይቆይ ትእዛዙ መጣ። ነጭ ወፍራም ፎጣ፣ ጥጉ ላይ በብርማ ክር "ጎሰመር" ተብሎ ይጠለፍ ተባለ። ጠላፊዋ እንዲያ ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም። አንዲት ፊደል ብትጣመም ተርትራ እንደገና ትሠራታለች። ፎጣው ከእሷ ወደ ተኳሿ ይሻገራል፤ ተኳሿ ደግሞ በእንፋሎት እያለሰለሰች፣ ጥልፉ ላይ ስትደርስ ካውያውን እያነሣች ታልፈዋለች።

"ለየትኛው ሙሽራ ነው ይሄ ሁሉ ውበት?" አለች ተኳሿ።

"ለእኛ ነው አሉ፤ ለምስጋና።"

"እኔን ማመስገን ከፈለጉ እጄን የማይጠብሰኝ ካውያ ይግዙልኝ" አለችና ሳቀች። ቃሉ ላይ ግን ጣቷን አስኬደች። "ቢሆንም ያምራል። ምንድን ነው የሚለው?"

"ቀኑ ሲደርስ እነግርሻለሁ" አለች ጠላፊዋ። በምስጋናው ዕለት፣ ጓደኛዋ ፎጣውን እንደያዘች፣ የአባቷን ታሪክ አብራ ልትነግራት አስባ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሁሉም ሰው ምግብ አዳራሽ ተጠራ። ግድግዳው ላይ "ጎሰመር" በትልልቅ ብርማ ፊደል ተለጥፏል። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ተናገረ፤ ጎሰመር ቤተሰብ ነው አለ፣ ጎሰመር ጉዞ ነው አለ፣ ጎሰመር አዲስ ምዕራፍ ነው አለ። ቃሉን በጠራው ቁጥር ሰዉ ያጨበጭባል። ጠላፊዋም አጨበጨበች፤ አባቷ በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር እያለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ስም እየተጠራ ፎጣው በሪባን ታስሮ ይሰጥ ጀመር። የተኩስ ክፍል ሰዎች በሙሉ ተጠሩ። የማጠፊያ ክፍል ሰዎች በሙሉ ተጠሩ። ሌላ ሰው አልተጠራም። ያልደረሳቸው አጉረመረሙ፤ ሽማግሌው ጨርቅ ቆራጭማ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "እኛስ የእንጀራ ልጆች ነን? መቀሱ መዳፌን ልጦት እያየሽ፣ ፎጣ ለአጣፊ?" አሉ ለኃላፊዋ። አንዲት የሽመና ክፍል ሴት ፎጣዋን ብትሸጥላት ብላ አንዷን አጣፊ ትለማመጥ ነበር። ተኳሿ የራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ለጠላፊዋ ከሩቅ ዞር ዞር እያለች ታሳያታለች።

በመጨረሻ የፈረቃ አለቃው ማይኩን ተቀበለ። እሱ ንግግር አይችልበትም፤ የተነገረውን ይናገራል።

"ፎጣ የደረሳችሁ ሠራተኞች ከሰዓት በፊት የልብስ ሣጥን ቁልፍና መታወቂያችሁን ለጥበቃ ታስረክባላችሁ። ከነገ ጀምሮ መተኮስና ማጠፍ በማሽን ነው። እናመሰግናለን።"

አንዳንድ እጆች ገና ያጨበጭቡ ነበር። አንድ በአንድ ቆሙ። ያቺ ፎጣ የምትለማመጥ ሴት የሰው ፎጣ እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች፤ ከዚያም እንዳቃጠላት ሁሉ ባለቤቷ ጭን ላይ ጣለችው። ሽማግሌው ቆራጭ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለካ ለሰውም ነው።

ጠላፊዋ ወንበር እየገፋች ወደ ጓደኛዋ ሮጠች። ተኳሿ ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥልፉን እያየች ነበር።

"አንቺ ታውቂ ነበር?" አለቻት።

"ሞቼ ልገኝ! እቴቴ፣ በአባቴ አጥንት!"

"'ቀኑ ሲደርስ እነግርሻለሁ' አላልሽኝም?"

"እሱ ሌላ ነው፣ እቴቴ፣ እኔ የነገሩኝ ምስጋና ነው ብለው ነው፣ ስሙን ራሱ..." ስሙን ራሱ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው ልትል ነበር።

ተኳሿ ግን ገባት። "የእኛን መባረሪያ ጠልፈሽ ለእኔ አስተኮስሽኝ" አለቻት። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። ዞር ብላ ሄደች።

ጠላፊዋ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ደረጃውን ወጣች። በር አላንኳኳችም። ኃላፊዋ ሻይዋን እያማሰለች ነበር።

"ያንን ቃል መልሺልኝ!" አለቻት። "እመቤቴ" ማለቱንም፣ "እርስዎ" ማለቱንም ደረጃው ላይ ትታው ነው የወጣችው።

"ተቀመጪ የኔ እህት። ስሜታዊ አትሁኚ።"

"ምስጋና ነው አላልሽኝም?"

"ምስጋና ነዋ፤ እስካሁን ላገለገሉት። እንዲያውም አንቺንም ላመሰግንሽ ነበር። እንዴት በሰላም እንዳለፈ አየሽ አይደል? ባለፈው 'ቅነሳ' ብለን በግልጽ ለጥፈን ሰዉ በር ዘግቶ እንዴት እንደተንጫጫብን ታስታውሻለሽ። ዛሬ አጨበጨቡ!" ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ቆንጆ ቃል ጥቅሙ ይሄ ነው። ሰው ሲያጣጥመው ይቆያል፤ ሲገባው ነገሩ አልቋል።"

ሌባ እኮ ሲሰርቅ ተደብቆ ነው። እነዚህ ግን በቀን፣ የኔ እህት እያሉ፣ የሟች አባቷን አንዲት ነገር ከእጇ ተቀብለው፣ በእሷው ክርና በእሷው ጣት የጓደኛዋን አንገት ማነቂያ አሠሩባት። ይህም ሳያንስ ውጤቱ አምሯል ብለው ያመሰግኗታል።

"ለማንኛውም" አለች ኃላፊዋ፣ ወደ ኮምፒዩተሯ እየዞረች፣ "ሁለተኛ ዙር ይኖራል። ለእሱም እንዲህ ዓይነት ቃል ፈልጊልኝ። አንቺ አትስጊ፤ አንቺን አይነካሽም።"

ጠላፊዋ ወረደች። ከማሽኗ መሳቢያ ውስጥ የስፌት መተርተሪያዋን፣ መርፌና ጥቁር ክር አወጣች። በሥራ ሰዓት፣ የፈረቃ አለቃው "ወዴት ነው?" እያለ እየተከተላት፣ በበሩ ወጣች።

የተባረሩት ከአጥሩ ውጭ፣ በመንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። ወደ ቤት ሄደው ምን እንደሚሉ ስላላወቁ ነው የተቀመጡት። ፎጣው ጭናቸው ላይ ነው። ጠላፊዋ ስትመጣ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ከአንዷ ጭን ላይ ፎጣ አነሣች፣ መተርተሪያውን ከጥልፉ ሥር አስገብታ ብርማውን ክር ትበጥስ ጀመር።

"ምን ልትሆኚ ነው ደግሞ?" አለች ተኳሿ፣ ፊቷን ሳታዞር።

"ላወጣው ነው። የእነሱ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"የአባቴ ነው።"

ነገረቻት። እየተረተረች፣ እንባዋ ፎጣው ላይ እየወረደ፣ ስለ ተገነጠለው መዝገበ ቃላት፣ ስለ ሸረሪቱ ድር፣ አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው "ድገሚው" ይሉ ስለነበረው ነገረቻት። ላይኛው ፎቅ የተባለችውንም ሁሉ፣ ሁለተኛውን ዙርም ጭምር ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሴቶቹ ወደ እሷ ዞረው ያደምጡ ነበር። ክሩ ወጥቶ አለቀ፤ መርፌው የወጋቸው ቀዳዳዎች ግን ነጩ ጨርቅ ላይ ቀሩ። ሰው ትኩር ብሎ ቢያይ አሁንም ያነበዋል።

ተኳሿ ቃሉን ለብቻዋ በቀስታ አለችው። "ጎሰመር።" ራሷን ነቀነቀች። "ያምራል እኮ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።"

ጠላፊዋ እጇን ወደ እሷ ፎጣ ስትዘረጋ ግን ተኳሿ ነጠቀቻት።

"የእኔን እንዳትነኪ!"

"ላወጣልሽ ነው፣ እቴቴ።"

"ለምንድን ነው የምታወጪው? ሌባ ቀሚስሽን ሰርቆ ለብሶት ብታገኚው ቀሚሱን ታቃጥያለሽ? አባትሽ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው የወደዱትን ነገር እነዚህ አንሥተው ጥላሸት ቀቡት፤ አንቺ ደግሞ ፍቀሽ፣ አጽድተሽ ልታስረክቢያቸው ነው? ቃሉ ይቆይ። የጎደለውን ጨምሪበት።"

"ምኑን?"

"እነሱ አፍረው ያልተናገሩትን ነዋ! እኔን ምን አደረጉኝ?"

ጠላፊዋ ጓደኛዋን አየቻት። ከዚያ ጥቁሩን ክር በመርፌው ዓይን አስገባች፤ የተኳሿን ፎጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ከብርማው ጥልፍ በታች፣ በእጇ፣ ማሽን እንደሚያደርገው ሳይሆን ጎርበጥ ጎርበጥ ባለ ስፌት "ተባረርኩ" ብላ ሰፋችበት። አባቷ ቢሰሙት "ይሄ ይጎረብጣል" ይሉ ነበር፤ ግን እለፊው የሚሉ አይመስልም። ተኳሿ ተነሥታ ፎጣውን የፋብሪካው አጥር ሽቦ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጋ ሰቀለችው። የሆቴል መኪኖች ፎጣ ሊጭኑ የሚመጡት በዚያ በኩል ነው።

ሁለተኛዋ ፎጣዋን አቀበለች። ሦስተኛዋ መርፌ ካለሽ እኔም እችላለሁ አለች። ያ ክሩ የተነቀለበት ፎጣ ሲመጣ ጠላፊዋ ተርትራ ያወጣችውን ብርማ ክር ቀጣጠለች፣ ቀዳዳዎቹን እየተከተለች ጎሰመርን መልሳ ጻፈችው፤ ከሥሩም የቀረውን ጨመረች። አጥሩ በነጭ ፎጣ ይሸፈን ጀመር።

የምሳ ደወል ሲደወል ከውስጥ ያሉት ወጡ። ሽማግሌው ቆራጭ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ ሽርጣቸውን ፈቱና ለጠላፊዋ ዘረጉላት።

"ለእኔም ጻፊልኝ፣ ልጄ።"

"እርስዎ አልተባረሩም እኮ፣ አባባ።"

"ሁለተኛ ዙር አለ እየተባለ አይደል? በኋላ ወረፋ ከምጠብቅ ከአሁኑ ልያዝ።"

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። የምሳው ማብቂያ ደወል ተደወለ። የገባ ሰው የለም። እንደገና ተደወለ። የሽመና ክፍሏ ሴት እንዲያውም ደወሉ ወደሚሰማበት አቅጣጫ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ኃላፊዋ ራሷ ወረደች። አሁን ለጫማዋ መርገጫ አልመረጠችም፤ እየሮጠች ነው የመጣችው። "ይህን አውርዱ! ደንበኛ ያየዋል! ምን ማድረጋችሁ ነው?" አለች። ከዚያ ጠላፊዋን መሬት ላይ፣ ክር በጥርሷ እንደያዘች አየቻት። "አንቺ? አንቺ ምን ሆነሽ ነው? አይነካሽም አላልኩሽም?"

ጠላፊዋ ክሩን በጠሰችና ተነሥታ ቆመች።

"ለሁለተኛው ዙር ቃል ፈልጊልኝ ብለሽኝ አልነበር?" አለቻት። "አገኘሁልሽ።"

ኃላፊዋ ቅርቧ ያለውን ፎጣ ከሽቦው ልታወርድ ያዘች።

"ተባረርኩ" አለች ጠላፊዋ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ኃላፊዋ ያልሰማች ለመምሰል ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች።

"ድገሚላት" አለች ተኳሿ።

ደገመችላት።